ያልደረቀው ካርድ

የድሮ የበዓል ካርድ ከአልበም ስነቅል የዱቄት ሙጫ ከሸተተኝ እጄ ቀጥ ይላል።

ጎንደር የነበረው ቤታችን ግድግዳው በሙሉ ጋዜጣ የተለጠፈበት ነበር። በታኅሣሥ 1953 አዲስ አበባ ላይ መፈንቅለ መንግሥት ተሞክሮ በከሸፈ ሰሞን፣ ጎረቤታችን አያ ተገኘ ሊጠይቁን መጡና ዓይናቸው ከአባቴ ራስ በላይ ተተክሎ ቀረ።

«ምነው፣ ይህን ሰው እስካሁን አላስወጣችሁትም?» አሉ ዝግ ብለው።

እኔ እንግዳ ያለ መስሎኝ ዞር ዞር አልሁ። ከጋዜጣው ላይ የሚያየን አንድ መኮንን ብቻ ነበር። ካመፁት አንዱ መሆኑን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው።

እናቴ ወዲያው ዱቄት በጠበጠች። የክርስትና አባቴ አምና ከአሥመራ የላከልኝን የገና ካርድ ከእጄ ወስዳ መኮንኑ ፊት ላይ ለጠፈችው።

«የኔ ነው» አልኋት።

«ዝም በይ። ዛሬ የሁላችንም ነው።»

ብዙም ሳይቆይ ሁለት ፖሊሶች መጡ። ጠላ ቀረበላቸው፤ አልጠጡም። አንደኛው «ሸጋ ካርድ ነው» ብሎ ጠርዙን ነካ፤ ከዚያ ጣቱን አየ።

«እርጥብ ነው» አለ።

አባቴ ማንም ሳይጠራው ጋቢውን አንሥቶ ተነሣ። ይዘውት ሄዱ፤ ለገናም ለፋሲካም አልተመለሰም።

ዛሬም የድሮ ካርድ ስገዛ ከሥዕሉ በፊት ጠርዙን እዳስሳለሁ። ሻጮቹ ዕድሜውን የምመረምር ይመስላቸዋል።