ባለመንኮራኩሯ እልፍኝ

የምድር ባቡር አዲስ አበባ ከገባ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ዶሮ ማነቂያ ውስጥ ገነነ የሚባል አናጢ ነበር። ሥራው በርና መስኮት፣ ሲያስፈልግም የሬሳ ሣጥን ነበር። በዚያ ክረምት ግን በሰፈሩ ታይቶ የማይታወቅ ነገር ይሠራ ነበር፤ በአሮጌ የጋሪ መንኮራኩር ላይ የቆመች፣ አንድ ሰው የምታስተኛ የጥድ ሳንቃ ቤት።

ቤቷ ለሚስቱ ለደብሪቱ ነበረች። ደብሪቱ ሁለት ዓመት በደረቷ ታማ ሳለ፣ ከተነሣች ፍልሰታን እንጦጦ ማርያም ደጅ ሱባኤ እንደምትይዝ ተስላ ነበር። ተነሣች። ሳሉ ግን ጨርሶ አልለቀቃትም። እዚያ ያሉት የሣር ጎጆዎች በነሐሴ ዝናብ ያፈሳሉ፤ አንድ ቀን መኝታዋ ቢርስ ሕመሙ እንደሚመለስ ገነነ ያውቃል። ስለትሽን ተዪው ሊላት ደግሞ አፉ አልደፈረም። ስለዚህ ደረቅ ጎጆ ይዛ እንድትሄድ አሰበ።

ጎረቤቶቹ እልፍኟ መቼ ነው በእግሯ የምትሄደው እያሉ አሾፉበት። ጣሪያዋን ከላምባ ቆርቆሮ እንደ ዓሣ ቅርፊት እያነባበረ መታላት። የቀረው የሳንቃዎቹ ስንጥቅ ነበር። ያረጀ ጋቢ ፈትቶ ክሩን ወተፈበትና በላዩ የቀለጠ የበሬ ሞራ ቀባ። ሐምሌ ሃያ ስድስት ቀን ጧት ሲወጣ ከጎረቤት ሰፈር ከእሪ በከንቱ የመጡ ውሾች ግድግዳውን ዙሪያውን ልሰው ጨርሰዋል። ክሩ እንደ ጢም ተንጠልጥሏል። አንዲት ውሻ ጋሪው ሥር ጠግባ ተኝታለች።

ሊሄዱ አምስት ቀን ነበር የቀራቸው። ገነነ ደጃፉ ላይ ቁጭ አለ።

ከአጥር ማዶ እትዬ ትብለጽ መጡ፤ ከአክሱም የመጡ፣ ለጊዮርጊስ ጧፍ የሚሠሩ ባልቴት ናቸው። ክሩን አይተው፣ ሳንቃውን አሽትተው ነገሩ ገባቸው።

«አንተ ሰው፣ በፍልሰታ ሞራ የተቀባ ቤት ይዘህ ነው ማርያም ደጅ ልትቆም የነበረው?» አሉት። «እነዚህ ውሾች ከጉድ አወጡህ እንጂ ምን በደሉህ።»

ገነነ ጾሙን ጨርሶ አላሰበውም ነበር። አፍሮ ሳቀ።

እሳቸው ዓመቱን ሙሉ ያጠራቀሙትን የሰም ፍርፋሪ በድስት ይዘው ተመለሱ። ሰም ብቻውን በብርድ እንደሚሰነጠቅ፣ ከተልባ ዘይት ጋር ከቀለጠ ግን እንጨቱ ውስጥ እንደሚሰርግ አስረዱት። ፀሐይ ብልጭ ብላ ሳንቃው በሞቀ ቁጥር እሳቸው ያማስላሉ፣ እሱ ክሩን መልሶ እየወተፈ በጨርቅ ይቀባል። ጥዱ ሰሙን ጠጥቶ እንደ ማር አበራ፤ ሃያ ዓመት ሲላገው የኖረው እንጨት ይህን ብርሃን የት ደብቆት እንደነበር ገነነን ገረመው። ውለታቸውን በምን እንደሚመልስ ሲጠይቃቸው ወደ ደብሪቱ ዞሩ።

«የክርስትና ስሜ ወለተ ገብርኤል ነው። እዚያ ስትደርሺ በጸሎትሽ ጥሪኝ» አሏት።

ሐምሌ ሠላሳ ከቀትር በኋላ ዝናቡ አራዳ ላይ ወረደ። ደብሪቱ እልፍኟ ውስጥ ገብታ በሩን ዘጋች። ገነነ ውጭ ቆሞ ግድግዳውን ዳበሰ፤ ውሃው በሰሙ ላይ እየተንከባለለ ይወርዳል። ልቡ ግን አላረፈም። ነጠላዋን በመስኮት እንድትሰጠው ለመናት። ተቀብሎ በሁለት እጁ ጨመቀው፣ ፊቱ ላይም አደረገው። እርጥብ ነበር፤ ክው አለ።

«ያረጠብከው አንተ ነህ» አለችው ከውስጥ እየሳቀች። «እኔማ ደረቅ ነኝ።»

በማግስቱ ማለዳ ገነነ የተከራያቸውን በቅሎዎች ከመጥመዱ በፊት ለዚያች ውሻ አንድ ሙሉ እንጀራ ወረወረላት።