ጥቁሩ ነጠላ በፈተል ክፍሉ በር

ሥራ ያስተማሩኝ ሰው ባለፈው ሳምንት ተቀበሩ። ከቀብር መልስ ጣና ዳር ትንሽ ዐረፍሁ፤ ነፋሱ ከሐይቁ እየተነሣ ስለነበር ብዙም አልቆየሁ። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እጽፋለሁ። እጄ አይፈጥንልኝም።

የፈተል ክፍል ፎርማናችን ነበሩ። ከድሬዳዋ መጥተው ባሕር ዳር የቀሩ፣ ቀጭን፣ ሲቆጡ ድምፃቸውን ዝቅ የሚያደርጉ ሰው። ፋብሪካ ስገባ የተበጠሰ ክር እንዴት እንደሚቀጠል እንኳ አላውቅም ነበር። ጫፉን በሁለት ጣት ማንሣትን፣ የጋለን ማሽን በጠረኑ መለየትን፣ ሰው ሲጠራኝ እጄን ከእንዝርቱ ሳላርቅ አለመዞርን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ያን ሁሉ ወድጄ ተማርሁ። አንዱ ግን በግድ ነው የገባኝ።

ባለቤቴ ታሞ ብዙም ሳይቆይ ሞተ። የሐዘን ፈቃዴ ሲያልቅ ከል ለብሼ፣ ጥቁር ነጠላዬን ተከናንቤ ወደ ሥራ ተመለስሁ። ፎርማኑ በሩ ላይ ቆመዋል። ለቅሶ ቤት አብረውን ያደሩ ሰው ናቸውና የሚያጽናኑኝ መስሎኝ ጎንበስ አልሁ።

«ነጠላውን አውልቀሽ ግቢ» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ዓመቱ ሳይወጣ?»

«ማሽኑ ዓመት አይቆጥርልሽም።»

ሴቶቹ ሰምተዋል። አንዷ ከኋላዬ፣ «ለቅሶ የመጡት ለንፍሮው ኖሯል» አለች። እሳቸው ዘወር ብለውም አላዩአት።

ቤት ተመልሼ ለአማቴ፣ ለባለቤቴ እናት፣ ነገርኋቸው። ልጆቼን የሚጠብቁልኝ እሳቸው ነበሩ፤ እሳቸው ከሌሉ ፈረቃ መግባት አይታሰብም።

«የልጄን ከል ከትከሻሽ ካወረድሽ እኔም እዚህ ቤት አልውል» አሉ። ወደ መራዊ ሊመለሱ ልብሳቸውን በፌስታል መሸከፍ ጀመሩ። ነጠላውን ካላወለቅሁ ደግሞ ከሥራ ቀሪ ተብዬ መሰናበቴ ነው፤ ልጆቹ የሚያድሩት በእኔ ደመወዝ ነው።

በማግሥቱም ከበሩ መለሱኝ። ከሰዓት በኋላ ፎርማኑ ራሳቸው ቤት መጡ። ተቀመጡ ያላቸው የለም። እንደቆሙ አማቴን፣ ፋብሪካ ድረስ መጥተው ማሽኑን በዐይንዎ ይዩት፣ ከዚያ እርስዎ እንዳሉ ይሁን ብለው ለመኗቸው። አማቴ ጋቢያቸውን ደርበው ተከተሏቸው።

ከዘበኞቹ አስፈቅደው አስገቡን። አማቴ ጫጫታው ሲቀበላቸው ክንዴን ያዙኝ። ፎርማኑ እጃቸውን ወደ እኔ ዘረጉ። ነጠላውን ከትከሻዬ ሳወርድ አማቴ ዐይን ዐይኔን ያዩ ነበር። ፎርማኑ በጣታቸው ጫፍ ይዘው ከሚሽከረከረው ዘንግ አጠገብ አንጠለጠሉት። ጫፉ ዘንጉን ነካ እንዳደረገ ነጠላው ከእጃቸው ሾልኮ ተጠመጠመ። ማሽኑ ምንም እንዳልነካው መዞሩን ቀጠለ።

አማቴ እጃቸውን አንገታቸው ላይ አደረጉ። አላለቀሱም።

ፎርማኑ ማሽኑን አቆሙ። መቀስ አልፈለጉም፤ የተጠመጠመውን በእጃቸው ዙር በዙር ፈቱት። ሴቶቹ ሥራቸውን ትተው ያያሉ፤ ያቺ ስለ ንፍሮው የተናገረችውም መሐላቸው አለች። ከዚያ ጎንበስ ብለው ጨርቁን በሁለት እጃቸው ለአማቴ አቀበሏቸው።

«ይቅር ይበሉኝ፣ እናቴ።»

አማቴ ወደ ብርሃኑ ዘርግተው አገላበጡት። መሐሉ ተተልትሏል፤ ዘይትም ነክቶታል። አሁን ሄደው ፌስታላቸውን ሊያነሡ ነው አልሁ በልቤ።

«ሻሽ ይወጣዋል» አሉ በመጨረሻ።

ቤት እንደደረስን ደህናውን ቀደው ጠርዙን ሰፉልኝ። ጠዋት ራሳቸው አስረው ላኩኝ። ፎርማኑ ሰላም እንኳ አላሉኝም። በኋላዬ ዞረው የሻሹን ቋጠሮ ያዙና አንገቴ እስኪነቃነቅ ድረስ ሳቡት። አልተፈታም። ከበሩ ዞር አሉልኝ።