ቋጠሮ የበዛበት ዛቢያ

ጴጥሮስ አሮጌ መጥረቢያ ይሰበስብ ነበር። ዲላ ውስጥ ቡና የሚሰበስብ አለ፣ ቆዳ የሚሰበስብ አለ፣ ወሬ የሚሰበስብማ ሞልቷል፤ አሮጌ መጥረቢያ የሚሰበስብ ግን እሱን ብቻ ነው ያየሁት። የእሱን ቤትና የእኔን ሱቅ የሚለየው አንድ የቆርቆሮ አጥር ነበር። እኔ ሸምሰዲን እባላለሁ፤ ጨው፣ ጨርቅና ምስማር እሸጣለሁ። ነጋዴ ነኝና የማይሸጥ ዕቃ የሚያከማች ሰው አይገባኝም። ያልገባኝን ሰው ደግሞ አላምነውም።

ጴጥሮስ የባንኮ ጎቲቲ መንደር ሰው ነው፤ በጣሊያን ጊዜ ለመንገድ ሥራ እንጨት ሲቆርጥ መጥረቢያ ወደደ። በገበያ ቀን አውቶቡስ ተሳፍሮ ይርጋጨፌ ይሄዳል፣ ገደብ ይሄዳል። ዝገት የበላውን፣ በር መደገፊያ ሆኖ የቀረውን ብረት ሁሉ ለምኖም ገዝቶም ይመጣል። “ሞተ ብለው ጣሉት” ይለኛል በአጥሩ ላይ እያሳየኝ። “አልሞተም ሸምሱ፣ ተኝታ ነው።” በአማርኛው ወንድና ሴቱን ያደባልቃል፤ አፉን የፈታው በጌዴኦኛ ነው።

ብረቱን በሎሚና በአሸዋ ይፈትገዋል። እሳት አያስነካውም፤ እሳት የነካው አሮጌ ብረት ስለት አይዝም ባይ ነው። የሠሪው ማኅተም ያለበትን ቦታ በጣቱ ይዳብሰዋል እንጂ አይሞርደውም። አፉን በድንጋይ ስሎ ሲጨርስ በጥፍሩ ያንኳኳና ያዳምጣል። ደስ ካለው ሞራ ቀብቶ በጨርቅ ይጠቀልለዋል። ዛቢያውን ከወይራ ይጠርብና ከምድጃው በላይ ጭስ ላይ ይሰቅለዋል።

አንድ ቀን መዶሻ ልዋስ ገብቼ ቀና ስል በየዛቢያው ላይ የእንሰት ቃጫ ታስሮ አየሁ። ቃጫው ላይ ቋጠሮ አለ። አንዱ ሦስት፣ አንዱ አምስት፣ አንዱ ሰባት። መዶሻውን ይዤ ወጣሁ፤ ቋጠሮው ግን ከራሴ አልወጣም።

ዘመኑ ክፉ ነበር። በ1952 ዓ.ም. ገበሬውና ባለመሬቶቹ ተጋጭተው ደም ፈሷል፤ ይህ የሆነው በዓመቱ ነው፤ ከተማው ገና አልበረደም። ሁለት ሰው ቆሞ ካወራ ሦስተኛው ጆሮውን ያቆማል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ? እኔም ጠረጠርኩ። ሃያ ሦስት መጥረቢያ፣ አንዱም ለገበያ የማይወጣ! በየገበያው እየዞረ የሚያገኘው ማንን ነው? ቋጠሮው በየመንደሩ የተዘጋጀ ሰው ቁጥር መሰለኝ፤ ከገደብ ሦስት፣ ከይርጋጨፌ ሰባት እያልኩ ደመርኩት። ለምን አልጠየቅከውም ብትሉኝ፣ ተጠራጣሪ አይጠይቅም፤ መልሱን ይዞ ነው የሚመጣው።

ግርግር ቢነሳ መጀመሪያ የሚሰበረው የእኔ ሱቅ ነው አልኩ። አንድ ማለዳ የፖሊስ አዛዡ መቶ አለቃ ሠረቀብርሃን ቢሮ ገብቼ ያየሁትንም ያላየሁትንም ተናገርኩ።

በዚያው ቀን ፖሊሶች መጥተው ብረቱንና ዛቢያውን መንገድ ላይ ደረደሩት። መቶ አለቃው አንዱን ቃጫ አንስቶ፣ “ይሄ ምንድን ነው?” አለ።

“ወር ነው ጌታዬ” አለ ጴጥሮስ። “ወይራ ስድስት ወር ጭስ ካልጠጣ ይኮማተራል፤ ብረቱ ወልቃ ሰው ትገድላለች። በየወሩ አንድ እቋጥራለሁ።”

“ሰባት ያለበትስ?”

“እሱ ክረምት የተቆረጠች ነው። እርጥብ ነበረች፤ አንድ ወር ጨመርኩላት።”

ፖሊሶቹ ሳቁ። እኔ ሱቄ በር ላይ ቆሜ አልሳቅሁም። ውሸት የሚፈጥር ሰው ለክረምቱ ብሎ አንድ ወር አይጨምርም፤ እውነቱን እንደተናገረ ያኔውኑ ገባኝ። አፌን ግን አልከፈትኩም። ፈራሁ፤ አፈርኩም። ጴጥሮስን ይዘውት ሄዱ።

ሦስት ወር ታሰረ። ዋስ ጥራ ሲባል ሚስቱ ጸሐይ በቀጥታ ወደ እኔ መጣች። “ጋሼ ሸምሰዲን፣ ከሰፈሩ ሰው እሱን ብቻ ነው የማምነው ይላል” አለችኝ። ሄጄ ፈረምኩ። ፊርማዬን የተቀበለው ጸሐፊ፣ “አይዞህ፣ ጓደኛህ ይፈታል” አለኝ።

ብረቶቹ ተመለሱለት፤ ዛቢያዎቹን ግን ፖሊሶቹ አንድደው ሻይ አፍልተውባቸዋል። ጴጥሮስ ለዛቢያው አላዘነም፤ ወይራ አልጠፋም። ያንገበገበው ማን ነገረብኝ የሚለው ነበር። ብዙም ሳይቆይ ደጀኔ ነው አለ። ደጀኔ አብሮ አደጉ ነው፤ በአንድ ቤተክርስቲያን ጎን ለጎን ይዘምራሉ። ቀደም ብሎ ጣሊያን ጥሎት የሄደውን ምርጡን መጥረቢያ ሽጥልኝ ብሎት ነበር። ጴጥሮስ ገዢ ሲመጣ ግንድ ሰጥቶ ያስፈልጠዋል፤ ፈተናውን ያለፈ ሰው ግን አላውቅም። ደጀኔም ሲፈልጥ ስለቱን መሬት አስነከሰው። “ላንተ አይሆንም” አለው፤ ተቀያየሙ። እንግዲህ ማስረጃው ይኸው ነው።

ጴጥሮስ ደጀኔን ሰላምታ ነሳው። ቤተክርስቲያን ውስጥ ቦታ ቀየረ። ልጁን ሲድር አልጠራውም። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታልና ሰፈሩም ተከትሎ ደጀኔን ጆሮ ጠቢ አለው። እኔ አንድ ቃል ብናገር ሁሉም ያበቃ ነበር። አልተናገርኩም። እንዲያውም ሰው ባንሾካሾከ ቁጥር ስለ እኔ እየመሰለኝ፣ ደጀኔ በሱቄ ፊት ባለፈ ቁጥር ያውቃል ወይስ አያውቅም እያልኩ ምስማሩን በጨው ሚዛን መመዘን ጀመርኩ።

ሁለት ዓመት እንዲህ ሆኖ፣ ደጀኔ አንድ ቀን ሱቄ ገባ። “አስታርቀን። አንተን ይሰማል” አለኝ። እምቢ የምልበት አፍ አልነበረኝም። ሁለት ሽማግሌዎች ጨምሬ ጴጥሮስ ግቢ ተቀመጥን።

እርቅ በዳይ በደሉን ሳያምን አይጸናም። ጴጥሮስም፣ “አምኖ ይናገር፤ ያን ጊዜ ይቅር እላለሁ” ብሎ ድርቅ አለ። ሽማግሌዎቹ ደጀኔን አዩት። ሸምሰዲን ተነስ፣ አሁን ካልሆነ መቼም አይሆንም፣ አልኩ በሆዴ። የተነሳው ግን ደጀኔ ነበር።

“እኔ ነኝ። በድዬሃለሁ፤ ይቅር በለኝ” አለ።

ጴጥሮስ እንደ ሕፃን አለቀሰ። አቅፎ ሳመው። ከዚያ ቤት ገብቶ ያንን የጣሊያን መጥረቢያ አዲስ ዛቢያ እንደገባለት አወጣና በሁለት እጁ ሰጠው። ሽማግሌዎቹ መረቁ። አሜን አልን፤ እኔም አብሬ አልኩ።

ስንወጣ ደጀኔን ሮጬ ደረስኩበት። “ያላደረግከውን ለምን አመንክ?” አልኩት።

“ያን ቀን ከመቶ አለቃው ቢሮ ስትወጣ አይቼሃለሁ” አለኝ፤ ድምፁን እንኳን ከፍ አላደረገም።

“ታዲያ ለምን አልነገርከውም?”

“እኔን አጥቶ ሁለት ዓመት ኖረ። አንተንም ቢያጣ ማንን ያምናል?”

ጴጥሮስ እስኪሞት ድረስ አመነኝ።