ለአባ ውርጭ ስም ወደ ደብረ ማርቆስ

ወንድሜን የገደለው ጣሊያን ነው፤ ስሙን የሰረቀው ግን የአገሬ ሰው ነው። ፈንታ ይባላል። በጠላት ዘመን ደምበጫ ምሽግ ውስጥ አስተርጓሚ ሆኖ ፓስታ ሲጠቀልል ከርሞ፣ ዛሬ በወንድሜ የፈረስ ስም «አባ ውርጭ ነኝ» እያለ ይፎክራል። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ጢሜ ከሸበተ በኋላ ነው፤ ስለዚህ አላሳምርም።

ሚያዝያ ፳፮፣ ደምበጫ

ጎህ ሲቀድ ከጣሊያን የተማረከ ካሚዮን ላይ ወጣሁ። የኑግ ጆንያ፣ የታሰሩ ፍየሎች፣ ጋሻ ያነገቡ ሽማግሌዎች። ሁሉም የሚሄደው ለበዓሉ ነው፤ ጃንሆይ አዲስ አበባ ከገቡ ነገ ዓመት ይሞላል። ሾፌሩ፣ ፈንታ የአርበኞችን ተራ በሚለዩት በግራዝማቹ ዳስ ፊት ሊፎክር መሆኑን ነገረኝ። ግራዝማቹ ፉከራውን ከተቀበሉት ከአርበኞች ተራ ይቆማል፤ ስሙም የሱ ሆኖ ይቀራል።

«ያን ጊዜ ወንድምህ ሁለተኛ ሞተ በለው» አለኝ።

መንገዱ ድንጋይ ነው፤ ጥርሴን ያስነከሰኝ ግን መንገዱ አይደለም።

አማኑኤል፣ ከሰዓት በኋላ

ጎማ ፈነዳ። ጠላ ቤት ገባን። ባለቤቲቱ እማማ ጥሩነሽ ወንድሜን ያውቁታል። ያ ጥቁር ፈረሱ ከደጃቸው ገንዳ ይጠጣ ነበር። ፈረሱም ከጌታው ጋር ወድቋል፤ ገንዳውን ግን እስከ ዛሬ አላነሱትም። ፈንታ ባለፈው ሳምንት እዚሁ ተቀምጦ ሲፎክር ዝም ብለው ሰምተውታል። ለምን አልኳቸው።

«ምን ላድርግ ልጄ? ዘንድሮ አርበኛ ያልሆነ ዝንብ ብቻ ነው።»

ጠላው ቅራሪ ነው። ጨለጥኩት።

ሚያዝያ ፳፯፣ ደብረ ማርቆስ

ሰንደቅ ዓላማ፣ መለከት፣ የጥብስ ሽታ። የትናንቱ ባንዳ ከፊት ተቀምጧል፤ እግሩን የተቆረጠው አርበኛ ከኋላ፣ አጥር ሥር። ፈንታ የአንበሳ ጎፈር ደፍቶ ወጣና «ዘራፍ! አባ ውርጭ!» ሲል ሰው ገፍቼ ከግራዝማቹ ፊት ቆምኩ። ፎካሪን ማቋረጥ ነውር መሆኑን አውቃለሁ።

«ጌታዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቀው ይፍቀዱልኝ። የፈረሱ መልክ ምን ነበር?»

ፈንታ ሳቀ። «ነጭ ነዋ። ጥቁር ውርጭ የት አይተሃል?»

ሰዉም ሳቀ። የሳቀው በእኔ ነው። ግራዝማቹ ግን አልሳቁም፤ እሳቸውም እንደኛ አራሽ ናቸው።

«ልጄ፣ ውርጭ ያደረበት ባቄላ አይተህ ታውቃለህ?» አሉት።

ፈንታ ጎፈሩን አቃና። ከአጥሩ ሥር አንዱ «ከሰል ሆኖ ያድራል» ሲል አገሬው ሁሉ ገባው። ውርጭ የመታው ማሳ ሲነጋ ጥቁር ነው። ወንድሜ ፈረሱን ውርጭ ያለው በዚህ ነው። እርፍ ያልጨበጠ ከየት ያውቀዋል?

ግራዝማቹ ጎፈሩን አስወለቁት። ወደ እኔ ዞረውም «በል፣ ባለስሙን አንተ ጥራው» አሉኝ። ጠራሁት። አለሙ፣ አባ ውርጭ። ከአጥሩ ሥር ያሉት ተቀበሉኝ።

የወንድሜ ስም ቤቱ የገባው ሚያዝያ ፳፯ ቀን ፲፱፻፴፬ ዓመተ ምሕረት ነው።