የሙሐዮ ዛፍና የኔ ድመት

ያን ዕለት ሌሊቱን ከተማችን ማርጊላን ላይ የጣለው በረዶ ጠዋት ፀሐይ ቢወጣም አልቀለጠም። ግቢው ነጭ ሆኖ ዓይን ይወጋ ነበር።

ሙሐዮ የባሌ ታናሽ ወንድም ሚስት ናት። እኔ ካገባሁ ከዓመታት በኋላ እዚሁ ግቢ ተዳረች። ከሟች እናቷ ቤት ያመጣችው በበርሜል የተተከለ ዛፍ ነበር፤ ቅጠሉ ረዥምና ጠንካራ፣ አበባው ሮዝ። ውርጭ ሲጀምር ወንዶቹ ተሸክመው እንግዳ ክፍል ያስገቡታል፣ ብርዱ ሲያልፍ ለናውሩዝ በዓል ያወጡታል። የመጣ እንግዳ ሁሉ ዛፉን ሳያደንቅ አይሄድም።

"እጇ የነካው ሁሉ ይለመልማል" ትላለች አማቴ፣ እኔ እየሰማሁ።

ይህን ቻልኩት። ያልቻልኩት የሞሽን ነገር ነው። ሞሽ ግራጫ ድመቴ ነው። ከቦይ አውጥቼ፣ ወተት በጨርቅ እያጠባሁ ያሳደግሁት እኔ ነኝ፤ ሙሐዮ ስትመጣ ግን የሚተኛው እሷ ጋ ሆነ። ስጠራው ዞር ብሎ ያየኝና ዓይኑን ይከድናል።

ያን ጠዋት የእንግዳ ክፍሉን በር ገርበብ ብሎ አገኘሁት። ሞሽ በርሜሉ ሥር ተዘርግቶ ለሃጩ ይንጠባጠባል። ምንጣፉ ላይ አስመልሷል፤ አጠገቡ የታኘከ ቅጠል አለ። ጮህኩ።

"ዓይን ነው!" አለች አማቴ፣ እኔን እኔን እያየች። "ኢስሪቅ አጭሱበት! እርጎም ጋቱት፣ መርዝ ያረክሳል!"

እኛ ዘንድ ዓይን የነካው ሁሉ በኢስሪቅ ቅጠል ይታጠናል። እኔም ከመደንገጤ የተነሳ የእርጎውን ሳህን ይዤ ሮጥኩ። ሙሐዮ ከእጄ ተቀበለችኝ።

"ተይው እትዬ፤ ትን ብሎት ይሞትብናል።"

"ታዲያ ጣቴን ከትቼ ላስመልሰው?"

"እሱም አይሆንም። ሐኪም ጋ ነው።"

አፉን በእርጥብ ጨርቅ ጠረገች፤ የቀረውን ቅጠል ከጥርሱ መሃል አወጣች። ከዛፉም አንድ ቅጠል ቀንጥሳ በላስቲክ ጠቀለለች።

"የማንም ዓይን አይደለም እማማ። ዛፌ ነው። እናቴ ቤትም በግ ገድሎብናል። በሩን የዘጋሁት መስሎኝ ነበር።"

"ደግሞ ዛፍ ድመት ይበላል?"

"ድመቱ ነው ዛፉን የበላው እማማ።"

እንባዬ መጣ። ለሞሽ ብቻ አልነበረም። እኔን ከሐሜት አውጥታ ደግነቱንም እሷ ወሰደችው ብዬ ነው።

ታክሲ ውስጥ ሞሽ በኔ ሻርፕ ተጠቅልሎ እሷ ጭን ላይ ተኛ። የእንስሳት ሐኪሙ ቅጠሉን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። "ይሄ ልብ ያቆማል። ቅጠሉን ይዛችሁ ባትመጡ በግምት ነበር የምሠራው" አለና የከሰል ዱቄት በውኃ በጥብጦ አጠጣው፤ ግሉኮስ ተከለለት፤ እዚያው አሳደረው።

ቤት እንደተመለስን ሙሐዮ ጓንት አጥልቃ መጋዝ አነሳች።

"የእናትሽ አይደል እንዴ?" አልኳት።

"ነው" አለች። ቆራረጠችውና "እንዳታነዱት፣ ጭሱም መርዝ ነው" ብላ አስቀበረችው።

በማግስቱ ሞሽን ልንወስድ ሄድን። ገና ከበር ላይ "ሞሽ! የኔ ልጅ!" አልኩ። ጆሮውን እንኳ አላነቃነቀም። እሷ "አንተ ሆዳም" ስትለው ቀና አለ።

አማቴ ኢስሪቋን በኔ ላይ ማዞሯን አልተወችም።

ሙሐዮ አሁን ፌርጋና ከተማ፣ ባሏ በሠራው ቤት ትኖራለች። ሞሽም ከእሷ ጋር ነው።