ራንቼራ በሞጣ ደጅ

ቢቸና አስተማሪ ሳለሁ አንድ ግቢ አብሮኝ የተከራየ የከብት ሐኪም ነበር። የተማረው ኩባ ነው። ሲመለስ ይዞት የመጣው ንብረት በቪዲዮ ካሴት የተቀዳ፣ ሻንጣ ሙሉ የድሮ የሜክሲኮ ፊልም ነበር። ጥቁርና ነጭ ናቸው፤ ተዋናዩ ፈረስ ላይ ሆኖ ይዘፍንባቸዋል። ዘፈኑን ራንቼራ ይለዋል።

ቅዳሜ ከሰዓት ቪዲዮ ቤት እያስከፈተ ያሳየናል፤ ቆሞም ይተረጉምልናል። ባለ ባርኔጣው ዘፋኝ ሲያፈቅር ይዘፍናል፣ ሲከዱት ይዘፍናል፣ ጥይት ቢመታው እንኳ ዘፈኑን ሳይጨርስ አይሞትም። አንድ ቀን ለገበያ የመጣ ገበሬ፣ "ጠላቶቹ ምን ሆነው ነው ቆመው የሚያዳምጡት?" ብሎ ጠየቀ።

"የሰው ዘፈን ማቋረጥ ነውር ነዋ!" አለ ሐኪሙ፣ ፈገግ እንኳ ሳይል።

ይህ ሰው ሞጣ ያለች አንዲት ነርስ ወደደ። በፊልሙ ፍቅር የሚገለጸው መስኮት ሥር ቆሞ በመዝፈን ነውና እሱም እንዲሁ ሊያደርግ ቆረጠ።

"ሽማግሌ አይሻልም?" አልኩት።

"ሽማግሌ የሚላከው መጀመሪያ ልቧ ሲታወቅ ነው።"

ክራር ስለምመታ አጃቢው ሆንኩ። ሞጣ አድረን ጎህ ሲቀድ አባቷ ደጅ ቆምን። እሱ ሰፊ የስንደዶ ባርኔጣ ደፍቷል፤ እኔ ጋቢ ተከናንቤያለሁ። ድምፁ ሸጋ ነው፤ ግን ራንቼራ መሐሉ ላይ የሚንቀጠቀጥ ረጅም ጩኸት አለው። እዚያ ሲደርስ አንዲት ጎረቤት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እየሮጡ መጡ።

"ማን ነው የሞተው?"

"ማንም አልሞተም እማማ፣ ዘፈን ነው" አልኳቸው።

አላመኑኝም። አጥሩ ሥር ቁጭ ብለው ማልቀስ ጀመሩ።

በሩ ተከፈተና አባትየው በቁና ባቄላ ይዘው ወጡ። ማለዳ በየደጁ እየዘፈኑ የሚለምኑት ላሊበላዎች መስለናቸዋል።

"በሉ ተቀበሉና መርቁ። ዘንድሮ ደግሞ በምን ቋንቋ መጣችሁ?"

ሐኪሙ አይሰማም፤ ገና ሁለት ስንኝ ይቀረዋል። ላሊበላ ተቀብሎ ዝም አይልምና ባቄላውን በጋቢዬ ይዤ፣ "ልጆችዎን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልዎ" አልኩ።

"አሜን!" አሉ።

ነርሷ ለካ መስኮቱን ከፍታ ሁሉንም ስታይ ቆይታለች፤ በሳቅ ፈነዳች።

ሐኪሙ ቢቸና እስክንደርስ ባርኔጣውን ጉያው ሸሽጎ ተጓዘ። ሳምንት ሳይሞላ ግን፣ "ዘፈኑን ትተህ ሽማግሌ ላክ" የሚል መልእክት ከእሷ ደረሰው። ሽማግሌዎቹ ሄደው የዚያን ማለዳ ዘፋኝ የከብት ሐኪም መሆኑን ለአባቷ ነገሩ።

"ሐኪም ከሆነ በሰው ደጅ እየዘፈነ ምን ያስለምነዋል?" አሉ አባትየው።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ቅኔ ያስተማሩ መሪጌታ፣ "የለመነው እኮ ባቄላ አይደለም፤ ልጅዎን ነው" ብለው መለሱ።



"ታዲያ በአማርኛ አይለምንም ነበር?" አሉ አባትየው፤ ጥር ላይ ልጃቸውን ዳሩለት።