ሐዋ የዘራችው ባሚያ

ለረጅም ዓመታት በሰው አገር ኖሬ ወደ አሶሳ የተመለስኩት የግንቦት ዝናብ መሬቱን ማለስለስ ሲጀምር ነበር። ሻንጣዬ ውስጥ የሰላጣ፣ የካሮትና የቀይ ሥር ዘር፣ ስለ ጓሮ አትክልት የተጻፉ መጻሕፍትም ይዣለሁ። እናቴ ትታልኝ የሞተችው ግቢ ጦሙን አድሮ ይጠብቀኛል ብዬ ነበር።

በሩን ስከፍት ግን የልጅነት ጎረቤቴ ሐዋ፣ እንደ እኔው አርጅታ፣ ጓሮው መሀል ጎንበስ ብላ ባሚያ ትዘራለች። ሰው ጀርባ የሰጡትን ሁሉ እንደሚወስድ ከመጻሕፍትም ከኑሮም ተምሬያለሁና ብዙም አልገረመኝም።

“ሐዋ፣ የማን መሬት መሰለሽ?” አልኳት።

“መጣሽ? አልሐምዱሊላህ! ወዲያ በይ፣ መደቡን ረገጥሽው።”

“ለቀበሌ ነው የምናገረው።”

ይሄኔ ደነገጠች። “ወላሂ ቀበሌ አትጥሪ! ቤት ግቢ፣ ተኚ!”

ሌባ ተኚ ብሎ ሲያዘኝ የመጀመሪያዬ ነው። በደጅ የሚያልፈውን የቀበሌ ሰው ጠራሁት። የግቢው ባለቤት መሆኔን ስነግረው ባርኔጣውን አወለቀ።

“እንኳን እግዚአብሔር ማረዎት እማማ! ‘ባዶ መሬት ነው’ ብለን ልንወስደው በመጣን ቁጥር ሐዋ ‘ባለቤቷ ታማ ውስጥ ተኝታለች፤ እኔ እየዘራሁላት ነው’ ትለን ነበር። ተሻለዎት?”

ወደ ሐዋ ዞርኩ። እሷም ፈጠን ብላ ከዘሩ ዘግና መዳፌ ላይ አፈሰሰችልኝ።

“ትንሽ ተሽሏታል” አለችው፤ “ጭንቅላቷን ግን ገና አልለቀቃትም።”